ሽቅብ የወጣው እንቦጭ

ጎረቤቴ ጋሽ ይሄነው ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ሳይነካኩ የሚያልፉት ነገር የለም። ከዳንግላ ገበያ ሲመለሱ ኪሳቸው በዛገ ብሎንና ስሙን በማያውቁት ዘር ይሞላል። "ምን ያደርግልዎታል?" ስላቸው፣ "እስቲ ይታወቅ" ይሉኛል።

ሰው ሁሉ ጣና ወርዶ እንቦጭ ሲነቅል እርሳቸውም ዘመቱ። ሌላው የወገብ ሕመም ይዞ ሲመለስ እርሳቸው አንድ ጆንያ የደረቀ እንቦጭ ተሸክመው መጡ። ለካ ዳር ላይ ተከምሮ የደረቀውን ሲዳስሱት ከጭድ ይልቅ ለስልሶባቸዋል። ከኮርቻ ሥር በሚሆነው ትራስ ውስጥ ጠቀጠቁት። የፈረሱ ጀርባ አልተላጠ፣ ጋላቢውንም አልቆረቆረው፤ ስማቸው ገነነ። ለአስማረና ለሌሎች የየመንደሩ ፈረሰኞችም ሰፉላቸው።

በጥር፣ ለጊዮርጊስ ግልቢያ፣ የመንደራችን ፈረስ ከነዕቃው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። በዓመቱ ከዚያው ማጠቢያ ኩሬ ላይ ወይን ጠጅ አበባ ብቅ አለ። ባለቤታቸው እትዬ ምሥራቅ ውበቱን ሲያደንቁ ጋሽ ይሄነው ያበጠውን አገዳ ጨመቅ አደረጉና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እንቦጭ ነው! ግን በየት በኩል?"

ነቅለን፣ ከውኃው አርቀን አቃጠልነው። ጥያቄው ግን እኔንም እንቅልፍ ነሣኝ። ወንዛችን ወደ ጣና ይወርዳል እንጂ ከጣና አይመጣም፤ ውኃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። ጋሽ ይሄነው በወፍ አሳበቡ፣ በሚኒባስ ጎማ አሳበቡ፤ አበባ ስለምወድ እኔንም ጠርጥረውኛል። በመጨረሻ እትዬ ምሥራቅ ሰለቻቸው።

"አንቱ፣ 'ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ' ይሉ የለም? ከጣና ምን ነበር ይዘው የመጡት?"

ጋሽ ይሄነው የራሳቸውን የኮርቻ ትራስ ተረተሩ። ከውስጡ ያወጡትን በሳፋ ጭቃ ላይ አራግፈው፣ ውኃ አርከፍክፈው ፀሐይ ላይ አኖሩት። እኔ ቤታቸው እየሄድኩ፣ "የደረቀ ይበቅላል እንዴ?" እያልኩ እሳለቅባቸው ነበር። አንድ ጠዋት ጭቃው ላይ አረንጓዴ ነጥብ አየሁና ሣቄ ደረቀ።

ጥር ተቃርቧል። ፈረሰኞቹ ያንን ትራስ በየመንደራቸው ወንዝ ሊያጥቡት ነው። ጋሽ ይሄነው ዝም ካሉ እንቦጩ በየወንዙ ይዘራል፤ ከተናገሩ ማን ዳግመኛ ኮርቻ ያሠራቸዋል? አሳዘኑኝ።

ፈረሰኞቹ በተሰበሰቡበት የተተረተረውን ትራስ ይዘው ቆሙ።

"ጣናን ላጸዳ ሄጄ የአገሬን ውኃ በገዛ እጄ አበላሸሁ። የሰፋሁላችሁን አምጡልኝ፣ እሳት ይብላው። በጭድ እመልስላችኋለሁ።"

"ለበዓሉ ስንት ቀን ቀረና ነው!" ብሎ አስማረ ጮኸባቸው። ግን አመጣ፤ ሌሎቹም አመጡ። የሰውን ሲሰፉ የራሳቸው አልደረሰላቸውም፤ በበዓሉ ቀን ጋቢያቸውን አጥፈው ከኮርቻው ሥር አድርገው ጋለቡ።

ከዚያ ወዲህ ገበያቸው ቀዘቀዘ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል ስለተባለ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኩሬውን እየዞርን እናያለን፤ ቡቃያ ካገኘን እንለቅማለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ኮርቻ ሊገዛ መጣ። የፈራሁት አልቀረም፤ ገና ከመቀመጡ፣ "አባባ፣ ትራሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አለ።

ጋሽ ይሄነው አልተቆጡም። አሁን ገዢ እስኪመጣ ድረስ የትራሱን አንድ ጎን ሳይሰፉ ነው የሚያቆዩት።

"እጅህን ክተትና እየው" አሉት።

ወጣቱ ጭዱን ዘግኖ አወጣ፣ አሸተተው፣ መልሶ ከተተው። መርፌያቸውን ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።