መምህር ተገኘ አደራ ያሉት ወንበር

ልጅ ሳለሁ ቆሰበር ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ነበር። የሰፈሩ ሰው የሚቀመጠው በተነቃነቁ ቁጥር በሚንቋቋ የቀርከሃ ወንበር ላይ ነው። የእኛ ቤት ሁለቱ ግን ክንዳቸው ጎበጥ ያለ ልሙጥ እንጨት፣ እግራቸው ቀጭን ጥቁር ብረት፣ መደገፊያቸው ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፣ የጃንሆይ ጊዜ ወንበሮች ነበሩ። በአንዱ አያቴ አባባ ጫኔ ይቀመጣሉ፤ ሁለተኛው ከፊታቸው ባዶውን ይውላል፣ ባዶውን ያመሻል።

ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱም ልማዱ ነበርና፣ አባባ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የከሰለ ከሰል የተቀጣጠለበትን ማንደጃ አስቀርበው፣ ኩራዙን ባዶው ወንበር አጠገብ አስቀምጠው ተረት ይጀምሩልኛል። የጦጣውንም የጅቡንም ያውቁበታል፤ እኔ የምወደው ግን የወንበሩን ነበር። ወዳጃቸው መምህር ተገኘ ወንበሮቹን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና እንዳመጡ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው ራሳቸው እየበሰበሱ ጋቢያቸውን ለወንበሮቹ እንዳለበሱ፣ ኋላም ከቆሰበር ሲዛወሩ «አንዱ ላንተ፣ አንዱ አደራ፤ እኔ ወይም የእኔ ሰው ሲመጣ ታስረክባለህ» ብለው እንደሄዱ። መጨረሻ ላይ አባባ የወንበራቸውን ክንድ መታ መታ አድርገው «አደራ ጥብቅ» ይላሉ። እኔም «ሰማይ ሩቅ» ብዬ እመልሳለሁ። ይቺን ሳልመልስ ተኝቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ መኪና የያዘ አንድ ወጣት መጣና ወንበሮቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው፤ እግራቸውን እንኳ ተንበርክኮ ዳሰሰ። እንዲህ ያለ የድሮ ወንበር አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ተፈልጎ እንደማይገኝ ለአባባ ነግሮ እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። አባባ «የሰው ነው» ብለው ሸኙት፤ እኔም በኩራት ላብጥ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ባዶውን ወንበር ቅባት በነካ ጨርቅ መወልወል አመጡ።

ጥቂት ቆይቶ በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆሙ። የመምህር ተገኘ ልጅ ነኝ፣ ስሜ አስናቀች ነው፣ የመጣሁት ከዳንግላ ነው አሉ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «ቆሰበር ጫኔ ዘንድ አንድ ወንበር አለችኝ» ብለው ነግረዋቸው ነበር።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ተረቱ ውስጥ ያለው ሰው በእግሩ መጣ! ማንም ሳያዘኝ ሄጄ በቀሚሴ ጫፍ የወንበሩን ክንድ ጠራረግሁ።

«አይ ልጄ» አሉ አባባ። «አባትሽ እኮ ሸጦልኝ ነው የሄደ።»

«አያ ጫኔ፣ እሱ እንዲያ አላለኝም።»

«በሽተኛ ስንቱን ይላል! ይችን ልጅ ጠይቂያት፤ ስነግራት ነው የኖርኩ። ሸጠልኝ አላልኩሽም፣ እመዋ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የቀሚሴ ጫፍ ገና በእጄ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ አልኩ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኔ አያት ግን ያስነጠፉት በሚያውቋቸው ቤት ነው፤ አንጣፊዋም እኔ ነበርኩ።

በዚያው ምሽት ያንኑ ተረት ጀመሩልኝ። የጭነት መኪናው መጣ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ ወንበሮቹ ጋቢውን ለበሱ። መጨረሻው ላይ ግን «አንዱን ሰጠኝ፣ አንዱን ሸጠልኝ» አሉና የወንበሩን ክንድ ሳይነኩ ፍሙን መቆስቆስ ያዙ። እኔ ጠበቅሁ። «አደራ ጥብቅ» የምትለዋ አልመጣችም። መዋሸታቸውንስ ከጊዜ ብዛት ይቅር እላቸው ነበር ይሆናል፤ ተረቱን የቀየሩብኝን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። ከዱኝ። ያሳደገኝን ነገር ከእጄ ቀምተው ሌላ ሰጡኝ።

ኋላ የተወለዱት ወንድሞቼ የሰሙት ሁለተኛውን ብቻ ነው። አምና አባባ አርፈው የአደራውን ወንበር ለባለቤቷ ልመልስ ስነሳ «አባባ የገዙትን ለማን ልትሰጪ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። እኔ ግን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ዳንግላ ወረድኩ።

እትዬ አስናቀች አርጅተዋል። ወንበሩን ሲያዩ አላለቀሱም፤ ክንዱን ብቻ ደጋግመው ደባበሱት። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን ቀና ብለው ብዙ አዩኝ።

«ያን ቀን እኮ እሳቸውን አላመንኋቸውም፤ ዓይናቸው ይሸሽ ነበር» አሉ። «አንቺን ነው ያየሁ። ሕፃን አይዋሽም፣ የዋሸኝ አባቴ ነው ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ተቀይሜው ኖርኩ።»

«ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ ወንበሩን እያሳዩ፤ እኔ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አባታቸው በእውነት ያሉት ምን እንደነበር እንድነግራቸው ለመኑኝ። የመጀመሪያውን ተረት፣ ከልጅነቴ ወዲህ ከማንም አፍ ያልሰማሁትን፣ ከጭነት መኪናው ጀምሬ ነገርኳቸው። አንድም ቃል አልረሳሁም። «አደራ ጥብቅ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን አፌ እምቢ አለኝ።