ምርቃት የሌለው ስፍር

ለባቄላዬ የሚረጨውን ኬሚካል ክዳን በከፈትሁ ቁጥር የዚያ የበግ መድኃኒት ሽታ ይመለስብኛል። ከሽታው ጋር አራት ሰዎች ይመጣሉ፦ አባቴ ገብሬ፣ እናቴ እታገኝ፣ ታላቅ እህቴ ስንዱ፣ ላሊበላ ጎብኚ ሲመራ የሚውለው አጎቴ ካሳ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ አሥር ዓመቴ ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ፣ ገብሱ ከመሬት ሳይነሳ ደርቆ፣ ተስፋችን አሥራ አራት በጎች ብቻ ነበሩ። ስንዱም ኩልመስክ ቤት ተከራይታ የምትማረው በእነሱ ነበር። ግንቦት ላይ እከክ ገባባቸውና ጠጉራቸው እየረገፈ፣ ከካቡ ድንጋይ እየተፋተጉ ይደሙ ጀመር።

ካሳ ከአንድ እንግዳ ያገኘውን የአሜሪካ መድኃኒት ይዞ መጣ። «ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ አውንስ ይላል» አለን። እኛ ያለን ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነበር። እኔ ከደብተሬ ጀርባ ካለው የመለኪያ ሰንጠረዥ፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ ስሌት ለምጄ ነበርና፣ ሃያው ሊትር አምስት ጋሎን ከጥቂት፣ አውንሱም ሠላሳ ሚሊ ሊትር ያህል መሆኑን አግኝቼ፣ ምልክት ባላት የሽሮፕ ጠርሙስ በሁለት ጊዜ መቶ ስድሳ ሚሊ ሊትር የማይሞላ ሰፍሬ ጨመርሁ።

ካሳ ሳቀ። «ይኸ ለበግ ነው ለዝንብ?»

አባቴ ገበያ እህል ሲሰፍር በጣሳው ላይ ምርቃት ሳያክል አይሰጥም ነበር፤ ልክክ አድርጎ መስፈር ለእሱ ንፍገት ነበር። «ያለ ምርቃት በረከት የለም» ብሎ፣ መቶ ሚሊ ሊትር የምትይዘውን ጠርሙስ ከእጄ ተቀብሎ እኔ በጨመርሁት ላይ ሁለቴ ሞልቶ ገለበጠበት።

ስንዱ ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ፣ ልክ ነው?»

«አባባ ያውቃሉ» አልሁ።

ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ፈሪነቴን አክብሮት ብዬ ሸፈንሁት። ዝምታ ሁሉ አክብሮት አይደለም፤ ይህን ለልጆቼ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።

በጎቹን አንድ በአንድ አጠብናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፋ እየደፈቁ፣ እግራቸው እየከዳቸው ወደቁ፤ እናቴም ከጎረቤት የለመነችውን ወተት እየጋተቻቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጥ ነበር። በማግስቱ ሦስት ብቻ ቆመው አገኘን። አባቴ በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ «እኔ እኮ አልነፈግኋቸውም» ይል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን።

ክረምቱ ሲገባ ስንዱ ደብተሮቿን ለእኔ ትታ፣ ሰው ቤት ልትሠራ ወደ ወልድያ ወረደች።

ዛሬ ጋሎኑን ስልኬ በቅጽበት ወደ ሊትር ይለውጥልኛል። ልጄም አጠገቤ ቆማ «አባባ፣ አበዙት» ትለኛለች፤ እቆጣታለሁ፣ እጄን ግን እመልሳለሁ። ያኔ እኔ ይህ አፍ አልነበረኝም። ሁላችንን ያስከፈለን ሲደመር ይኸው ነው፦ አሥራ አንድ በግ፣ የስንዱ ትምህርት፣ ካሳ አፍሮ ዳግም ያልረገጠው ደጃችን፣ አባቴ ከዚያ ወዲህ ለማንም ያልጨመረው ምርቃት፤ ሁሉም በአንድ ባልተናገርሁት ቃል።