መርዳሳ ስክሪኑን ነቅሎ የወጣ ዕለት

መርዳሳ ሲናደድ አይሮጥም። ሲናደድ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ናዝሬት ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ያለን ሰዎች ይህን ጠባዩን ስለምናውቅ፣ አንገቱን ወደ ፊት ቀስሮ እየተንቀራፈፈ ሲመጣ ካየነው በር ላይ ያወጣነውን ወንበር ወደ ውስጥ እናስገባለን። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኢሱዙ ላይ ወረደና፣ ሽቦው እንደ አንጀት የተንጠለጠለ ስክሪን ታቅፎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መጣ። አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ሰላም አላለንም። ቀጥ ብሎ ኑሰይባ ሱቅ ገባና ስክሪኑን የመስታወት ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጠው። አስቀመጠው የምለው ለመስታወቱ አዝኜ ነው።

"እንኪ! ውሰጂ ቆሻሻሽን!" አለ።

ኑሰይባ ቴሌቪዥን፣ ሶላርና የመኪና ቴፕ የምትሸጥ፣ ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴ ናት። ከመርዳሳ ጋር ጎረቤት ከመሆን አልፈው እንደ እህትና ወንድም ናቸው። ሱቋ ውስጥ ከደራ የመጡ ባልና ሚስት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አስከፍተው ቀለሙን እያዩ ነበር።

"ምን ሆነ መርዴ?" አለች።

"ዜሮ! ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስሮጥ ዜሮ! ጋሽ ኃይለየሱስ ፊት አዋረድሽኝ!"

"ቀስ በል እንጂ፣ ሰው አለ።"

"ሰውማ ይስማ! ይቺ ሴትዮ የሞተ ዕቃ ነው የምትሸጠው! ሌባ ናት! እዚህ ቤት ምንም እንዳትገዙ!"

የደራዋ ሴትዮ የባሏን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሳበች። ወጡ። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ዓሣ ሲያዋኝ ቀረ።

መርዳሳን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ሊመስል ይችላል። መርዳሳ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በናዝሬት ከሚሽከረከሩት አሮጌ መኪኖች እሱ ሽቦአቸውን ያልነካካቸው ጥቂት ናቸው። ግቢው ውስጥ ደግሞ በላሜራ ጣራ ሥር፣ በገዛ እጁ የሠራት ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን አለች። ባለቤቱ ኮከብ፣ "ለእኔ ወጥ ቤት ሳይሠራልኝ ለእሷ ቤት ሠራላት" ትላለች፤ ብትልም ግን የክንፉን ሸራ ወጥራ የሰፋችው እሷው ናት።

አውሮፕላኗን የሠራት ንዴት ነው ብል አልዋሸሁም። አንዱ "ሞተሩ አይነሳም" አለው፤ ተናዶ አስነሳው። ሌላው "ክንፉ ይገነጠላል" አለው፤ ተናዶ ክንፉ ላይ የአሸዋ ጆንያ ደርድሮ አሳየው። ሰፈሩ "ካፒቴን" እያለ ሲያሾፍበት ደግሞ ቤቱ ገብቶ በሩን በላያችን ላይ ይዘጋና፣ ማታውን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ እንሰማለን።

የበፊቱ ዳሽቦርድ ግን እውነቱን ለመናገር ያስቅ ነበር። የሙቀቱ ጌጅ ከኢሱዙ፣ የዘይቱ ከቶዮታ የተነቀለ ነው። የአውሮፕላን የሚባለው የፍጥነቱና የከፍታው ብቻ ነበር፤ እነሱም ሞተሩ ሲነሳ መርፌያቸው እንደ ብርድ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ደብረ ዘይት ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ይህን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ አውሮፕላንህ ጥሩ ናት። በዚህ ዳሽቦርድ ግን እኔ አልፈርምም። ፍጥነትህን ሳታውቅ ብትነሳ ነገ ለቀብርህ ነው የምመጣው።"

የእሳቸው ፊርማ ደግሞ ሁሉም ነገር ነው። ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ፈቃድ መሬት ላይ ብቻ እንዲሮጥ ነው፤ መሬት ለቅቆ እንዲነሳ የሚፈቀድለት እሳቸው "ዕቃው በትክክል ይሠራል" ብለው ከጻፉ ብቻ ነው። መርዳሳ ተናደደ፤ ከዚያ ኑሰይባ ጋ ሄደ።

እሷም ያላደረገችው የለም። ዱባይ ያለው ወንድሟ ትንንሽ አውሮፕላን ያላቸው ሰዎች የሚገዙበትን ሱቅ አፈላልጎ አገኘ። ሁለቱን ስክሪኖች በሻርፗ ጠቅልላ፣ ለሻንጣ አላምንም ብላ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። መርዳሳ አዲስ ላሜራ ቆረጠ፣ አሮጌውን የሽቦ ጫካ ነቅሎ ጣለ፣ እያንዳንዷን ሽቦ በወረቀት ምልክት እየለጠፈ እንደ አዲስ ዘረጋ። የግራው ስክሪን ፍጥነት፣ ከፍታና የአድማስ መስመር ያሳያል፤ የቀኙ የሞተሩን ሙቀት፣ ዘይትና ባትሪ። መጀመሪያ የበራ ቀን የአውሮፕላኗን ጭራ ከፍ አደረገው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰማይና ምድርም አብሮ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። መርዳሳ ግን ስክሪኑ ላይ ጮኸበት፦ "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

ሥራው ያለቀ ዕለት እናቱ አዴ ሎሚ ከሁሩታ መጡ። እሱ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀብሮ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ይዞ ሳለ፣ እናቱ አውሮፕላኗን እየዞሩ መረቁ። "በሰላም ውጣ፣ በሰላም ግባ" ሲሉ "አሜን" አለ። "የሚጠላህ ዓይን ይታወር" ሲሉም "አሜን"። ካቻቢቴው እንዳይወድቅበት በአፍንጫው ነው ያለው፤ ቀና ብሎ ግን አላየም።

በማግስቱ ሐሙስ መርዳሳና ጋሽ ኃይለየሱስ አውሮፕላኗን ኢሱዙው ላይ ጭነው ወለንጪቲን አልፎ ወዳለው ሜዳ ሄዱ። ሜዳው ድሮ የአንበጣ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረ ነው፤ አሁን ግን ባለይዞታው ሊያርሰው ትራክተር ቀጥሯል፤ ሰኞ ይገባል። ሌላ እንዲህ ያለ ሜዳ ከየት ይመጣል? መርዳሳ ሞተሩን አስነስቶ ሮጠ። አድማሱ ይታያል፣ የሞተሩ ሙቀት ይታያል፣ ፍጥነቱ ዜሮ። ተመልሶ ሮጠ፤ ዜሮ። ጋሽ ኃይለየሱስ "ቆይ፣ እንፈትሸው" ሲሉ እሱ ስክሪኑን ነቅሎ ኢሱዙው ላይ ወጥቷል። "አሮጌው መርፌ በዚያው የነፋስ ቧንቧ ይሠራ አልነበረም? የተቀየረው ስክሪኑ ነው፤ ጥፋቱም የስክሪኑ ነው!" እያለ ነበር። እንግዲህ እንዲያ ሆኖ ነው ኑሰይባ ሱቅ የደረሰው።

አርብ ጠዋት ኑሰይባ ስክሪኑን ይዛ ባጃጅ ተሳፍራ ግቢው ገባች። ጋሽ ኃይለየሱስ ማታውን ከሜዳ ከተመለሰችው አውሮፕላን አጠገብ ቆመው ነበር፤ አዴ ሎሚ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ሬሳውን አምጥቼልሃለሁ" አለችው። "እዚሁ ፊቴ ግጠመውና ጋሼ ይመርምሩት። ሞቶ ከሆነ ሱቄን እዘጋለሁ። ካልሞተ ግን ምን እንደማደርግህ አላህ ያውቃል።"

መርዳሳ እያጉረመረመ ገጠመ። ጋሽ ኃይለየሱስ ከኪሳቸው የመርፌ ስሪንጅ አወጡ፤ መርፌ የሌለው፣ ፕላስቲኩ ብቻ። ከስክሪኑ ጀርባ በሚገባው ቀጭን ጎማ ላይ ሰኩትና በቀስታ ገፉት። አየሩ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አውሮፕላኗ ቆማ፣ ስክሪኑ ትሮጣለች አለ።

"ስለዚህ ነፋሱ አይደርሰውም" አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ። "ክንፍህ ሥር ያለው ቧንቧ ነፋስ ተቀብሎ ካላመጣለት ምኑን ይለካል? ሽፋን ታደርግለታለህ?"

"የምን ሽፋን? ቧንቧ ምን ይሆናል?"

ኑሰይባ ጎንበስ ብላ ነበር። ከክንፉ ሥር ወደ ፊት የሾለችው የጣት ያህል ቧንቧ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ነበር። አፍንጫዋን አስጠጋች።

"መርዴ፣" አለች፣ "አውሮፕላንህ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።"

ሽቦ ቢከቱበት ቢጫ ሆኖ ወጣ። ቅቤውን የናዝሬት ፀሐይ አቅልጦ እስከ ውስጥ አስርጎታል፤ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ እንደ ሰም አርግቶታል። መርዳሳ ቀስ ብሎ ዞረ። ያን አዟዟሩን እናውቀዋለን።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኛ" አሉ አዴ ሎሚ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። "ቀንዱን ቀባሁት።"

"አዮ፣ ይሄ ቀንድ አይደለም!"

"ወደ ፊት የሾለ ነገር ቀንድ ካልሆነ ምንድን ነው? የአባትህን በሬዎች ስመርቅ ቀንዳቸውን ሳልቀባ ትቼ አውቃለሁ? ደግሞ አንተ ራስህ አሜን ብለሃል።"

"አሜን ያልኩት ለምርቃቱ ነው!"

"ታዲያ ምርቃቱ ያለ ቅቤ ነው እንዴ?"

መርዳሳ እናቱ ላይ አይጮህም። ቧንቧው ላይ ቢጮህ ጥቅም የለውም። በመጨረሻ ወደ ኑሰይባ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኑሲ፣ እንግዲህ... ይቅርታ" አለ።

ኑሰይባ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"ይቅርታህን በሹክሹክታ? ሌባ ስትለኝ ፖስታ ቤት ድረስ ተሰምቷል። በጮህክበት ድምፅ ነው የምትመልሰው። ለሰፈሩ አይደለም፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። ከደራ ለመጡት ሰዎች ነው። እነሱ ዛሬ ደራ ላይ ስሜን እያጠፉ ነው።"

"እነሱን ከየት ላምጣልሽ? ስማቸውንም አላውቅ!"

"ሌባ ያልከኝም ሳታውቅ ነው" ብላ ባጃጇ ውስጥ ገባች።

ቅዳሜ መርዳሳ ቧንቧውን አጥቦ ሲያበቃ፣ እየተሳደበ ወደ ደራ ነዳ። ገበያ ውስጥ፣ "ሰሞኑን ናዝሬት ቴሌቪዥን ሊገዙ የሄዱ ባልና ሚስት" እያለ ጠየቀ። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል? አጥራቸው ድረስ ወሰዱት። ሰውየው በሩን ሲከፍት መርዳሳ፣ በዚያው በሐሙሱ ድምፅ፣ ፊቱ ላይ ጮኸ፦

"ሌባ አይደለችም! ዕቃዋ እውነተኛ ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! ገባህ?"

ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ጎረቤት ወጣ። ሴትዮዋ በባሏ ትከሻ አሻግራ አይታ፣ "ያ የስክሪኑ እብድ ነው" አለች። ቴሌቪዥኑን ግን አሰላ ገዝተው ጨርሰዋል። መርዳሳ፣ "ምን አጣደፋችሁ?" ብሎ እነሱንም ተቆጥቶ ተመለሰ።

ይህን ለኑሰይባ የነገርናት እኛ ነን፤ ከደራ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። የጠፋባት ሽያጭ አልተመለሰም። ቢሆንም እሑድ ጠዋት ኢሱዙው አውሮፕላኗን ጭኖ ሲነሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አየናት፤ እኛም ሱቃችንን ዘግተን ተከተልን።

ሜዳው ላይ አዴ ሎሚ እንደገና ቅቤያቸውን አወጡ። ያለ ምርቃት አትሄድም አሉ፤ የቀደመው ታጥቧልና። ማን ይከራከራቸዋል? መርዳሳ ጥርሱን ነክሶ ሄደና ቧንቧውን በጡጫው ጨብጦ ቆመ። እናቱ ጎማውን ቀቡ፣ የሞተሩን ሽፋን ቀቡ፣ የልጃቸውን ግንባር ቀቡ።

"እጅህን እንዳታነሳ!" ትላለች ኑሰይባ ከኋላ። "አንዴ ከለቀቅክ አለቀልህ!"

ከዚያ ሮጠ። ጋሽ ኃይለየሱስ አጠገቡ ተቀምጠው ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። ከዳር ሆነን አቧራውን ነው ያየነው፤ ከዚያ ጭራዋ ከመሬት ተነሳ፣ ጎማዎቹም መሬቱን እየሳሙ የሚሄዱ መሰለን። ከዚያ ፍሬን ያዘና ቆመ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ቀድመው ወረዱ። "ቁጥሩ እንደ ሰዓት ነው። ነገውኑ እጽፋለሁ" አሉ። ኮከብ እልል አለች።

መርዳሳ ግን ከወንበሩ ሲወርድ ቀስ ብሎ ነበር። አንገቱ ወደ ፊት ተቀስሯል። ግንባሩ በቅቤ ያብረቀርቃል።

"ልትነሳ ነበር!" አለ። "በእጄ ተሰምቶኛል! ልትነሳ ፈልጋ እኔ ነኝ የያዝኳት! ነገ ትራክተሩ ይገባል፤ ፈቃድ፣ ፈቃድ! የሰው ልጅ እንዴት መሬት ላይ ሩጥ ተብሎ..." የሚጮህበት ሰው ፈለገ። ወደ ጋሽ ኃይለየሱስ አየ፤ አልቻለም። ወደ እናቱ አየ፤ አልቻለም።

"ወደ እኔ እንዳታይ!" አለች ኑሰይባ፣ ኢሱዙው በር ላይ ተደግፋ። "ደራ ሩቅ ነው።"