የወደደውን አብሉት

ከቲቡርቲና ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን፣ ከሮም ወጣ ብላ ባለችው የፍል ውሃ ከተማ እንደወረድን የድኝ ሽታ ተቀበለን። የማስታምማቸው አሮጊት ሲኞራ ክንዴን ይዘው፣ "አሎራ፣ እንግዲህ በእግራችን እንዙራት" አሉኝ። እኔን ግን ሽታው ሶደሬ አድርሶኝ ነበር።

ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ታሞ፣ ከሰውነት ጎዳና ወጥቶ፣ ለፍል ውሃው ወሰድነው። ታጥቦ ሲወጣ እናቴ ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ጠቀለለችው። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንደ ወጉ "እግዜር ይማርህ" አሉት። የመታጠቢያው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው፣ "ልጄ፣ ከእንግዲህ አታንከራትቱት። የወደደውን አብሉት" አሏት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

እኔ ግን ፈነጠዝኩ! አባቴ የሚወደው የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ሐኪም ቅባት ከልክሎት ነበር። እናቴን እየጎተትኩ በዚያች ከተማ ያላንኳኳሁት ምግብ ቤት የለም። "እማዬ፣ ተፈቀደለት እኮ! ምን ያስለቅስሻል?" እላታለሁ። ዓይኗን እየጠረገች ትከተለኛለች። ዓሣው ተገኘ። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሰኝ፤ እሱ ግን አልበላም።

ሲኞራ አይስክሬም የሚሸጥበት ጄላቶ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ጣፋጭ ከተከለከሉ ቆይተዋል። ትናንት ግን ሐኪሙ ለልጃቸው፣ "ያማራቸውን ይብሉ" ሲላት ሰምተዋል።

"ተፈቀደልኝ እኮ!" አሉኝ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ።

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" ብዬ ገዛሁላቸው። የመጀመሪያውን ማንኪያ ወደ እኔ ዘረጉት። አፌን ከፈትኩ፤ ጎርሼም እንደ እናቴ አፌን በእጄ ያዝኩ።