ጣቶቼን ያቀለመው ፕላስቲክ

ከጅጅጋ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሚኒባሱ ድረስ የሸኘኝ አስተማሪው ታላቅ ወንድሜ አብዲ ነበር፤ እናቴ ስለ ጉዞዬ ጎረቤት እንዳይጠይቃት ብላ ከበር አልወጣችም። ካራማራ ኬላ ላይ ፈታሹ የኬሚስትሪ ደብተሬን ገልጦ ሥዕሎቹን ትክ ብሎ አየ። ስለ ፕላስቲክ ነው አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ብቻ ለቀቀኝ።

ጀርመን ለትምህርት ስገባ ፕሮፌሰሬ የሰጠኝ ሥራ ውሃ ውስጥ የሚሟሟና ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሥራት ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ መስታወት ላይ ቀብተን እናደርቅና ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ እንለካለን። አከራዬ፣ በጀርመንኛ ፍራው (ወይዘሮ) የምንላት አሮጊት፣ በፈሳሹ የቀለሙ ጣቶቼን አይታ ምንድነው አለችኝ።

«ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፕላስቲክ ነው።»

«የሚሟሟ ከሆነ ስትታጠቢ ለምን አልለቀቀም?»

ከዚያ ወዲህ እኔ በታጠብኩ ቁጥር ገብታ ገንዳውን ትመረምራለች። የጅጅጋ ጎረቤት እኮ ቢጠረጥራችሁም የግመል ወተት ሻይ ይዞላችሁ ነው የሚመጣው።

አንድ ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ ሳለ መለኪያ መሣሪያው ትልቅ ቁጥር አወጣ። ፕሮፌሰሬ ጨበጠኝ፤ ውጤቱን እናሳትማለን፣ የመቆያ ፈቃድሽም ይራዘማል አለኝ። እኔ ግን ቁጥሩን አላመንኩትም። ፈሳሹ ውስጥ ከአሠራሩ የተረፈ ጨው ቀርቶ ከሆነ፣ ጨውና እርጥበት ብቻቸውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ለማንም ሳልናገር ፈሳሹን ጨው ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት ቋጥሬ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ውሃውን ለቀናት እየቀያየርኩ ጨውን አስወጣሁ። ከዚያ ቀብቼ፣ በደንብ አድርቄ ለካሁት። ቁጥሩ ወደቀ። የቀረችው ትንሽ ነበረች፤ እሷ ግን የፕላስቲኩ የራሱ ናት።

ለፕሮፌሰሩ ስነግረው «ማን እጠቢው አለሽ?» አለኝ።

«ማንም። ስለጠረጠርኩ ነው።»

ሕትመቱ ቀረ፤ ፈቃዴም የተራዘመው ለስድስት ወር ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አርብ ከሰዓት ወደ ቤት ደወልኩ። እናቴ ከእኔ ጋር በአማርኛ አውርታ አታውቅም። ያን ቀን «ሆዮ»፣ እማዬ፣ ብዬ በሶማሊኛ ስጀምር በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ደህና ነን አለች፣ መልሳም ደህና ነን አለች። አጠገቧ የሚያዳምጣት ሰው እንዳለ ገባኝ። አብዲን አገናኚኝ አልኳት።

«ዘመድ ጥየቃ ሽንሌ ሄዷል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሽንሌ ማን ዘመድ እንዳለን ባስብ ባስብ አንድም ሰው አጣሁ፤ አብዲ ወይ ታስሯል ወይ ሸሽቷል።