ሦስት ጊዜ «ይቆይ»

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጆቹ 2002 ዓ.ም.። ናይሮቢ ኢምባካሲ ባለው ግቢ የመጀመሪያ ሥራዬ ከአንድ ከባድ የጭነት መኪና ሠላሳ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ማፍሰስ ነበር። አፈሰስኩ። የሚተካው ዘይት ግን አልተገዛም። መኪናው ባዶ ሆዱን እስከ ረቡዕ ቆመ።

የግቢው ባለቤት ጋሽ ደምሴ ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ጫማ በጅምላ ሲሸጡ ኖረው፣ ከእንግሊዝ አገር ስድስት ያገለገሉ መኪኖች ያስመጡ ሰው ናቸው። ጫማ ሲሸጡ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያያሉ። ሞተርን ግን የሚያውቁት በወሬ ነበር።

እኔን ዋና መካኒክ አድርገው ቀጠሩኝ። ከሥሬ ሁለት ኬንያውያን መካኒኮች ነበሩ። ዋና ብባልም አንድ ጀሪካን ዘይት ከመጋዘን ለማውጣት የእሳቸው ፊርማ ያስፈልገኝ ነበር። ለዚህ የሚሆን መዝገብ ነበረን። አምስት ዓምድ ነበረው፦ ቀን፣ ሰሌዳ፣ ኪሎ ሜትር፣ የሚያስፈልገው ሥራ፣ የባለቤቱ ውሳኔና ፊርማ።

ዘይት የምቀይረው በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነበር። ሞምባሳ ወደብ ደርሶ መልስ አንድ ሺህ ገደማ ስለሆነ ሹፌሮቹም በቃላቸው ይይዙታል፤ አሥር ምልልስ፣ አንድ ዘይት። መኪኖቹ ከልክ በላይ ይጫናሉ። መንገዱ አቧራ ነው። በወደቡ በርና በሚዛን ጣቢያው ሰልፍ ሞተራቸው ሳይጠፋ ግማሽ ቀን ይቆማሉ። ጎማ ካልዞረ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ከመኪኖቹ ጋር የመጣውን የጥገና መጽሐፍ አገኙ። በምሳ ሰዓት ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለ ምግብ ቤት ቁልፍ ላደርስላቸው ስሄድ ለጓደኞቻቸው እያነበቡላቸው ነበር።

«ሠላሳ ሺህ ይላል! ይሄ የኔ መካኒክ በአሥር ሺህ ያፈሰዋል።»

«ይጠጣዋል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቢጠጣውማ በምን ዕድሌ! መሬት ነው የሚያጠጣው።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ገጹን እስከ ታች አይተውታል?» አልኳቸው።

«የሠሩት ሰዎች ካንተ ያውቃሉ፣ ታደሰ።»

ቁልፉን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ሙቲሶ፣ የሚነዳው መኪና አሥር ሺህ ሲሞላ በመዝገቡ ላይ «ዘይትና ፊልትሮ መቀየር» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ደምሴ «ይቆይ» ብለው ፈረሙ። በአሥራ አራት ሺህ እንደገና ጻፍኩ። ይቆይ። በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስተኛ ጻፍኩ። ይቆይ፤ ፊርማው በዚህኛው ላይ ከሁሉም ያማረ ነው። ሦስቱንም ጊዜ መኪናው እንዲወጣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ይህም መጻፍ አለበት።

ሃያ ሦስት ሺህ ላይ፣ ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ሙቲሶ በሞምባሳ መንገድ ላይ ካለችው ከምቲቶ አንዴይ ከተማ ደወለ። ከሞምባሳ ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ ተጣብቆ ቆሟል። መኪናው በማግስቱ ተጎትቶ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ለቢሮ በምንጠቀምበት ኮንቴይነር ውስጥ የስንብት ደብዳቤ ይዘው እኔንና ሙቲሶን ጠበቁን። ሹፌሩ ያለ ዘይት ነድቶ ሞተር አቃጥሏል ይላል። ሙቲሶ ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ይዞ በሞምባሳ መንገድ የሚቀጥረው እንደማይኖር ሦስታችንም እናውቃለን።

«ቦስ፣ ዘይት ነበረው» አለ። «ቮይ ከተማ ላይ መለኪያውን አውጥቼ አይቻለሁ። ልኩ ደህና ነው፤ ግን እንደ ገንፎ ወፍሯል።»

«ውሸታም!»

«እኔም ለክቼዋለሁ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ሃያ ስድስት ሊትር ወጥቶታል። ጀሪካኖቹ ውጭ ናቸው።»

«ዘይት ካለው ታዲያ ለምን ቆመ?»

«ዘይት አይደለም። ድሮ ዘይት የነበረ ነገር ነው። ፊልትሮውን ደፍኖታል፣ ኩሽኔታዎቹን በልቷቸዋል።»

«መጽሐፉ ሠላሳ ሺህ ይላል!»

«ከሱ በታች ያለውን መስመር ያንብቡት፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ከባድ ጭነት፣ አቧራ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ናፍጣ፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም መቆም፦ አሥር ሺህ። ደግመው አነበቡት።

«ይሄ መቼ ተጻፈ?»

«ከላይኛው ጋር።»

መዝገቡን ከፍቼ ከመጽሐፉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሙቲሶ አማርኛ አያነብም፤ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

«ንጎጃ» አልኩት በስዋሂሊ፤ ጠብቅ እንደማለት ነው።

«ይሄኛውስ?»

«ንጎጃ።»

«ይሄም?»

«እሱም።»

«ሦስቴ ንጎጃ፣ ቦስ?» አለ ሙቲሶ። «እኔ እኮ ስጠብቅ ነው የከረምኩት!»

ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። «ይቆይ አልኩ እንጂ አይቀየር መቼ አልኩ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ደብዳቤውን አራት ቦታ ቀደው ኪሳቸው ከተቱት። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም። ሙቲሶ ቅዳሜ በሌላ መኪና ወደ ሞምባሳ ወጣ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ ጭነቱ፣ መንገዱና ሞተሩ ቆሞ የሠራበት ሰዓት ይወስኑታል። መጽሐፉን ሙሉውን አንብቡ። የምትጠይቁትን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምሴ አዲስ መዝገብ ገዝተው፣ ዓምዶቹን ራሳቸው በማስመሪያ አስምረው አመጡ። አራት ዓምድ ነበረው፦ ቀን፣ ሰሌዳ፣ ኪሎ ሜትር፣ የሚያስፈልገው ሥራ። የባለቤቱ ውሳኔና ፊርማ የሚለው ቀርቷል።