ፊሽካዬን ኪሴ የከተትኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው በስድሳ ስድስቱ የወሎ ረሃብ፣ መካነ ሰላም ነው። አሰልጣኝነትን የት ጀመርክ በተባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሜዳ ላይ አልጀመርኩትማ!

ደሴ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተሰበረና ኳስ በቃኝ ብዬ አገሬ ገባሁ። የከተማው ወጣቶች አሰልጥነን ብለው ያዙኝ፤ እሺ አልኳቸው። ልምምድ ከጀመርን ብዙም ሳንቆይ ከወግዲ በኩል ረሃብተኛው ይጎርፍ ጀመር። መንገድ ዳር ወድቆ የሚቀረው በዛ።

እኛ ዘንድ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰው የሚቀብረው ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ነው። ያኔ ግን የቅሬው ሰው ራሱ ዶማ የሚያነሳበት ክንድ አጣ። የቅሬው ዳኛ አባ ይመር ቤቴ ድረስ መጡና፣ ትንሽም ቢሆን ጉልበት የተረፋቸው ያንተ ልጆች ናቸው፣ ሬሳውን ጅብ ሳይበላው አውጣልኝ አሉ። ምን ይባላል? አወጣኋቸው።

ልጆቹም ቢሆኑ ጭብጥ ቆሎ ነበር የሚቀምሱት። ስለዚህ እንደ ጨዋታ አደረግሁት። ከፊሎቹ ይቆፍራሉ፣ ሌሎቹ ያርፋሉ፤ አንዱ ሲንገዳገድ ፊሽካ እነፋና እቀይረዋለሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ተጫዋች የቀየርኩት እዚያ መቃብር ላይ ነው። ራዲዮው አዲሳባ ሚኒስትሮች ታሰሩ ይላል፤ ማን ጆሮ ኖሮት!

የበረኛችን የሰይድ እናት ወግዲ ነበረች። በእግሯ ወደ እኛ ተነስታለች የሚል ወሬ ደረሰው። ሂድና ተቀበላት ስለው፣ መንገዱ ብዙ ነው፣ እንተላለፋለን ብሎ ቀረ። ሬሳ በመጣ ቁጥር ግን ዶማውን ጥሎ ይሄድና ፊቱን ገልጦ ያያል። አይደለችም ብሎን ይመለሳል። እኔም አብሽር፣ ትደርሳለች እለዋለሁ።

አንድ ዓርብ ጧት ቃሬዛ መጣ። ሰይድ ገልጦ አየ። አይደለችም አላለም። መልሶ ሸፈናትና አጠገቧ ትንሽ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ዶማውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ገባ።

በቅሬ ደንብ ሐዘንተኛ አይቆፍርም፤ እሱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይቆፍርለታል። ፊሽካ ነፋሁ። ቀና አላለም። ደግሜ ነፋሁ። ተቀያሪው ዶማውን ሊቀበለው ወረደ።

“ጋሼ፣ ዛሬ አይቀይሩኝ” አለኝ። “የሰው እናት ስቀብር መንገድ ወጥቼ አልተቀበልኳት። ይችን እንኳ ልሥራላት።”

አባ ይመርን አየኋቸው። ደንቡ ይሄ ነው ይሉታል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን አዞሩ። ፊሽካዬን ኪሴ ከተትኩ። ሁላችንም ቆመን እሱ ብቻውን ቆፍሮ ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ልጅ አሰልጥኛለሁ። ደክሞት እያየሁት አይቀይሩኝ ብሎ የሚለምን አይጠፋም። ሌላው አሰልጣኝ በዚህ ይቆጣል። እኔ አልችልም። ተዉት፣ ይጨርስ እላለሁ።